የወለቀ ትከሻና የኃይል መጠን

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ መነጋገር በለመደ ጉባኤ ፊት ስለ ሰው ትከሻ መናገር እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከመሐንዲስ ሙያ ጋር በሁለት በኩል ይገናኛል። በመጀመሪያ፣ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወይም በኤሌክትሪክ ተመትቶ ትከሻው የሚወልቀው ሰው በመሐንዲስ ኃላፊነት ሥር የሚሠራ ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛም፣ የወለቀን ትከሻ ወደ ቦታው መመለስ የሐኪም ተግባር ቢሆንም ሥራው በባሕርዩ የመካኒክስ ሥራ ነው፤ ኃይል፣ አቅጣጫ፣ መፈንቅልና የመቋቋም ጉልበት የሚታሰቡበት ነውና።

ለአብነት አንድ ወጣት ግንበኛ ይታሰብ። ዕድሜው 25 ዓመት ግድም ነው። ከሁለተኛው ፎቅ መወጣጫ ላይ እግሩ ሲከዳው ቀኝ እጁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሰዶ የመወጣጫውን እንጨት ይይዛል። ከመውደቅ ይድናል፤ ነገር ግን የሰውነቱ ክብደት በድንገት በአንድ ክንዱ ላይ ሲያርፍ ትከሻው ይወልቃል። ሲያወርዱት ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ፣ ፊቱ በላብ ተጠምቆ፣ ማንም እንዳይነካው ይለምናል። የትከሻው ክብነት ጠፍቶ እንደ ማዕዘን ቀጥ ብሏል፤ ከሥሩም ጎድጎድ ያለ ቦታ ይታያል። ባልደረቦቹ ከበውታል፤ ከመካከላቸውም በጉልበቱ የታወቀው እጅጌውን ሰብስቦ ስቦ ሊመልስለት ይቀርባል።

በዚያች ደቂቃ የሚደረገው ነገር ይህ ወጣት ወደፊት አካፋና መዶሻ ለመያዝ መቻል አለመቻሉን ሊወስን ይችላል። የዚህ ንግግር ቁም ነገርም ከዚሁ ይነሣል፤ የወለቀን ትከሻ የሚመልሰው የኃይል ብዛት ሳይሆን፣ አጥንቱን ከቦታው ውጭ አስሮ የያዘው ምን እንደሆነ ማወቅና እርሱን ማስለቀቅ ነው።

የመገጣጠሚያው አሠራር

በሰው አካል ካሉት ትላልቅ መገጣጠሚያዎች መካከል እንደ ትከሻ በብዙ አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ የለም፤ እንደ ትከሻ አዘውትሮ የሚወልቅም የለም። ሁለቱ ባሕርያት የአንድ ንድፍ ውጤቶች ናቸው። የዳሌ መገጣጠሚያ የጭኑን አጥንት ራስ በጥልቅ ጽዋ ውስጥ አቅፎ ይይዘዋል። የትከሻው ጽዋ ግን ገበታ መሰል በመሆኑ፣ የክንዱ አጥንት ራስ በላዩ ሲያርፍ በስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ይመስላል። ከዚህ ክብ ራስ በአንድ ጊዜ ጽዋውን የሚነካው ከሩብ እስከ ሲሶ ያለው ክፍሉ ብቻ ነው። የጎደለውን ጥልቀት በጽዋው ዙሪያ ያለው ለስላሳ ከንፈር፣ ጅማቶቹና ጡንቻዎቹ ያሟሉታል። በመሐንዲስ አነጋገር፣ ይህ ምሰሶ የሚቆመው በመሠረቱ ጥልቀት ሳይሆን በወጠሩት ገመዶች ነው።

ክንድ ወደ ጎን ተነሥቶ ወደ ውጭ በዞረበት ሰዓት ድንገተኛ ኃይል ሲያርፍበት፣ የአጥንቱ ራስ የጽዋውን የፊት ጠርዝ ተሻግሮ ይወጣል። ግንበኛው መወጣጫውን የያዘው በዚሁ ሁኔታ ነበር። በድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ከሚታዩት የመገጣጠሚያ ውልቃቶች ግማሽ ያህሉ የትከሻ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ከ100 ወደ 95 የሚጠጉት ወደ ፊት የወጡ ናቸው።

የአጥንቱ ራስ ሲወጣ መንገዱን ሳይጎዳ አይወጣም። የእንግሊዙ ቀዶ ሐኪም ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 የጽዋው የፊት ከንፈር ከአጥንቱ መላቀቁ ትከሻው ደጋግሞ እንዲወልቅ የሚያደርግ መሆኑን አስረዳ። ሂልና ሳክስ የተባሉ አሜሪካውያን የራጅ ሐኪሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940 የአጥንቱ ራስ ከጽዋው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ በስተኋላው የሚቀርበትን ስርጉደት ገለጹ። ስለሆነም የወለቀ ትከሻ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ጤነኛ ዕቃ አይደለም፤ ጠርዙ የተቀደደና ራሱ የተሰረጎደ መገጣጠሚያ ነው። በግድ ሲጎተት ይህ ጉዳት ይብሳል።

አጥንቱን የሚይዘው ምንድን ነው?

አጥንቱ ከወጣ በኋላ በቀላሉ የማይመለሰው ስለ ምንድን ነው? ዋናው ምክንያት ጡንቻ ነው። ሕመም ሲሰማ በትከሻው ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ያለ ባለቤታቸው ፈቃድ ይኮማተራሉ፤ መኮማተራቸው የአጥንቱን ራስ ከጽዋው ጠርዝ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ መጣበቁ ሕመሙን ይጨምራል፤ ሕመሙም ጡንቻውን ይበልጥ ያኮማትራል። ይህ ራሱን በራሱ የሚያጠነክር ዑደት ነው። ክንዱን በኃይል የሚጎትት ሰው ለዚህ ዑደት ተጨማሪ ጉልበት ይሰጠዋል፤ በጎተተ መጠን ይጎተትበታል።

የኃይሉን መጠን በቁጥር መገመት ይቻላል። ክርኑ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ሳለ አንድ ሰው የታማሚውን የእጅ አንጓ ይዞ ክንዱን ቢያዞር፣ ከክርን እስከ አንጓ ያለው ርቀት በግምት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። የክንዱ አጥንት ራስ ሬዲየስ ደግሞ በግምት 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። አዙሪው በአንጓው ላይ 100 ኒውተን፣ ማለትም 10 ኪሎ ግራም የሚያህል ክብደት ቢያሳርፍ፣ በክንዱ አጥንት ላይ የሚፈጠረው የመጠምዘዝ ጉልበት 25 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የአጥንቱ ራስ በጠርዙ ላይ ተቆልፎ ከሆነ ያው ጉልበት በራሱ ገጽ ላይ ወደ 1,000 ኒውተን ይደርሳል። እጅ 10 ኪሎ ገፋሁ ብሎ ሲያስብ አጥንቱ 100 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። በዕድሜ የሳሳ አጥንት በዚህ ዓይነት ጥምዘዛ እንደሚሰበር ለማወቅ ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

በብብት በኩል የሚያልፉትም መዘንጋት የለባቸውም። ወደ ክንድ የሚሄደው ዋናው የደም ሥርና የእጅ ነርቮች ከመገጣጠሚያው አጠገብ ያልፋሉ። በተለይም አንዱ ነርቭ በአጥንቱ አንገት ሥር ዞሮ የትከሻውን ክብ ጡንቻ ያንቀሳቅሳል፤ በትከሻው ጎን ያለውን ቆዳም ስሜት ይሰጠዋል። ይህ ነርቭ በውልቃቱ ጊዜ ሊወጠር ይችላል፤ በሚበዙት ሕሙማን ላይ ከጊዜ በኋላ ቢያገግምም፣ የተወጠረን ነርቭ እንደገና በኃይል መወጠር ግን ሌላ ጥፋት ነው።

ከሂፖክራተስ እስከ ዛሬ

የወለቀ ትከሻን የመመለስ ጥበብ እጅግ የቆየ ነው። ከ2,400 ዓመት በፊት ግድም በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው የግሪኮች የሕክምና ጽሑፍ ስለዚሁ በርካታ ዘዴዎችን ዘርዝሯል። ከእነርሱም የታወቀው ሐኪሙ ተረከዙን በታማሚው ብብት አድርጎ ክንዱን የሚጎትትበት ነው። ክንዱን በመሰላል ላይ ወይም በእንጨት ላይ አሳርፎ መፈንቀልም ነበረበት። ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ ደግሞ ብብቱን በጋለ ብረት መተኮስ ተጽፎ ይገኛል። ተረከዝን በብብት የመትከሉ ዘዴ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ቢሆንም፣ ተረከዙ የሚያርፈው ነርቮቹና የደም ሥሩ በሚያልፉበት ቦታ ላይ በመሆኑ አደገኛነቱ ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1870 በስዊስ አገር በበርን ከተማ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኮኸር በእርሱ ስም የሚጠራውን ዘዴ አሳተመ። ይህ ሰው በ1909 በእንቅርት እጢ ላይ ባደረገው ጥናት የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ነው። በዘዴው መሠረት ክርኑ ታጥፎ ወደ ጎን አጥንት ይጠጋል፤ ክንዱ መቋቋም እስኪሰማ ድረስ በዝግታ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ከዚያም ወደ ፊት ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ኮኸር በመጀመሪያ ጽሑፉ ጉተታ አላዘዘም። በኋላ የመጡት ግን ጉተታን ጨመሩበት፤ ይህም ዘዴውን በአጥንት ስብራት እንዲታማ አደረገው። የአንድ ንድፍ አውጪ ሐሳብ በፈጻሚዎች እጅ ሲለወጥ የሚደርሰው ይህ ጉባኤ ከራሱ ሙያ የሚያውቀው ነገር ነው።

የኒው ዮርኩ ስቲምሰን እ.ኤ.አ. በ1900 የገለጸው ዘዴ ደግሞ የሰውን ጉልበት ፈጽሞ ያስቀረ ነው። ታማሚው በደረቱ አልጋ ላይ ተኝቶ ክንዱን ከጠርዙ ወደ ታች ያንጠለጥላል፤ በአንጓውም ላይ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚሆን ክብደት ይታሰርለታል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጡንቻው ደክሞ ሲላላ አጥንቱ ወደ ቦታው ሊገባ ይችላል። ጠንካራ ሰው በአንድ ትንፋሽ ያልቻለውን 50 ኒውተን በሩብ ሰዓት ይፈጽመዋል። ጊዜ ራሱ እዚህ ላይ መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል።

እ.ኤ.አ. በ1938 ሚልች የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ሌላ ነገር አስተዋለ። ክንድ በዝግታ ከራስ በላይ ሲነሣ በትከሻው ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ እርስ በርስ የሚጓተቱት ኃይሎች ይቀንሳሉ፤ ከዚያም አጥንቱን በአውራ ጣት ቀስ ብሎ መግፋት ሊበቃ ይችላል። በ2003 የአውስትራሊያው ኩኒንግሃም ያሳተመው ዘዴ ደግሞ መድኃኒትም ላያስፈልገው ይችላል። ታማሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ትከሻውን ወደ ኋላ ይስባል፤ የታጠፈው እጁ በሐኪሙ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ሐኪሙም የትከሻውንና የክንዱን ጡንቻዎች በተራ ያሻል። ጡንቻው ሲላላ አጥንቱ ያለ ድምፅ የሚገባበት ጊዜ አለ። በ2009 ከግሪክ አገር የወጣው ሌላ ጥናት ክንዱን በቀስታ እየሳቡ ከፍ ዝቅ በሚል አነስተኛ ንቅናቄ ወደ ጎን ማንሣትን ከሂፖክራተስና ከኮኸር ዘዴዎች ጋር አወዳድሮ፣ በዚህ ዘዴ ከ10 ሕሙማን ወደ 9 ለሚጠጉት ትከሻቸው እንደተመለሰላቸውና ሕመሙም ያነሰ እንደነበረ አሳይቷል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለሁሉም ሰው የሚበጅ አንድ ዘዴ የለም። ጥሩ ሐኪም ሁለት ወይም ሦስቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንዱ እምቢ ሲል ኃይል ሳይጨምር ወደ ሌላው ይሻገራል። የዘመናቱ ጉዞ ግን አቅጣጫው አንድ ነው፤ ከተረከዝ ወደ ክብደት፣ ከክብደት ወደ ጣት፣ ማለትም ከብዙ ኃይል ወደ ጥቂት ኃይል ነው።

በድንገተኛው ክፍል

ግንበኛው ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ከመመለሱ አስቀድሞ የሚፈጽማቸው ነገሮች አሉ። የእጅ አንጓውን የደም ትርታ ይዳስሳል፤ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ ይጠይቀዋል፤ በትከሻው ጎን ያለው ቆዳ ስሜት እንዳለው በመንካት ይመረምራል፤ ያገኘውንም ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ከግንባታ በፊት እንደሚደረግ የመሬት ምርመራ ነው። ከመመለሱ በፊት ያልተመዘገበ የነርቭ ጉዳት፣ ከአደጋው ይምጣ ከሕክምናው፣ በኋላ የሚለይበት መንገድ የለም።

ቀጥሎም ራጅ ይነሣል፤ ያውም ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት። ለአንድ ሕንፃ የፊት ገጹ ሥዕል ብቻውን እንደማይበቃ ሁሉ፣ ለትከሻም የፊቱ ምስል ብቻ አይበቃም። ራጁ የአጥንቱን አንገት ስብራት ካሳየ፣ በድንገተኛው ክፍል መሞከር ይቆምና ጉዳዩ ወደ አጥንት ቀዶ ሐኪም ይተላለፋል። የተሰበረን አንገት እንደ ውልቃት የጎተተ ሰው ራሱን ከግንዱ ሊለየው ይችላልና።

ሕመምን ማስታገስ ለታማሚው ከሚደረግ ርኅራኄ በላይ ነው፤ ቀደም ሲል የተገለጸውን ዑደት የሚበጥሰው እርሱ ነው። አንደኛው መንገድ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ታማሚውን ለአጭር ጊዜ ማስተኛት ነው። ይህ መንገድ አስተማማኝ ቢሆንም ትንፋሹን ብቻ የሚከታተል ሌላ ባለሙያ፣ ኦክስጅንና የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያዎች ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ በባዶው የመገጣጠሚያ ጉድጓድ ውስጥ ንጽሕናው በተጠበቀ መርፌ የማደንዘዣ መድኃኒት መጨመር ነው፤ ለአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 1 በመቶ ሊዶካይን እስከ 20 ሚሊ ሊትር ድረስ ይሰጥና እስኪሠራ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። የተደረጉት ንጽጽሮች በዚህ መንገድ የሚገኘው ውጤት ከማስተኛቱ ጋር የሚቀራረብ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ያነሰ መሆኑን ያመለክታሉ። ባለሙያና መሣሪያ ለሚያንሳቸው ሆስፒታሎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አጥንቱ ሲገባ ሐኪሙም ታማሚውም ያውቁታል፤ የትከሻው ክብነት ይመለሳል፤ ሕመሙ ወዲያው ይቀንሳል። ነገር ግን ሥራው አላለቀም። ትርታው፣ ስሜቱና ንቅናቄው እንደገና ይመረመራሉ፤ ራጅም ይደገማል። ክንዱ በማንጠልጠያ ጨርቅ ለጥቂት ሳምንታት ይታገዳል፤ ከዚያም ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይታዘዛል። በሽማግሌዎች ላይ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ የማንጠልጠያው ጊዜ ያጥራል። ከ20 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ከግማሽ በሚበልጡት ትከሻው ተመልሶ ስለሚወልቅ፣ አንዳንዶቹ የተቀደደው ከንፈር በቀዶ ሕክምና እንዲጠገንላቸው ያስፈልጋል። ከ40 ዓመት በላይ በሆኑት ደግሞ ደግሞ የመውለቁ ነገር ይቀንስና የጡንቻ ጅማት መበጠስ ይበዛል፤ ስለዚህ ትከሻው ከተመለሰ በኋላ ክንዱን ማንሣት ያቃተው ሰው ቸል ሊባል አይገባም።

በኤሌክትሪክ የተመታ ሰው

በኤሌክትሪክ ሥራ ለተሠማሩት ባልደረቦች ለብቻው የሚነገር ነገር አለ። ከ100 የትከሻ ውልቃቶች ጥቂቶቹ ወደ ኋላ የወጡ ናቸው፤ የእነዚህም የታወቁ ምክንያቶች የኤሌክትሪክ ንዝረትና የሚጥል በሽታ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሁሉንም ጡንቻዎች በአንድ ጊዜ ሲያኮማትር፣ ክንዱን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ከተቃራኒዎቻቸው ይበረቱና ራሱን ወደ ኋላ ይገፉታል። ሠራተኛው ምንም ሳይወድቅ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ውልቃት በመጀመሪያው ምርመራ ደጋግሞ ሳይታወቅ ይቀራል። ቅርጹ እንደ ፊተኛው ጎልቶ አይለወጥም፤ ከፊት የተነሣው ራጅም ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። የሠለጠነ ዐይን ግን የአጥንቱ ራስ እንደ አምፑል ድቡልቡል ሆኖ መታየቱን ያስተውላል። ዋናው ምልክት ክንዱ ወደ ውስጥ እንደዞረ ተቆልፎ መቅረቱና መዳፉን ወደ ላይ ለመዘርጋት አለመቻሉ ነው። ስለሆነም ከኤሌክትሪክ አደጋ በኋላ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ያቃተው ሠራተኛ፣ የአደጋውን ምክንያት በግልጽ ለሐኪሙ መንገር የሚችል ሰው አብሮት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባዋል።

ወጌሻና ሆስፒታል

በኢትዮጵያ ስለ ወለቀ አጥንት ሲነገር ወጌሻን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ወጌሻ በገጠርም ሆነ በከተማ የታመነ ባለ እጅ ነው፤ ሆስፒታል ሩቅ በነበረበትና በሆነበት ስፍራ ሁሉ ሕዝቡን ሲረዳ ኖሯል። ጡንቻውን በቅቤ አሽቶ ካላላ በኋላ አጥንቱን የሚነካ ወጌሻ፣ የኩኒንግሃም ዘዴ ከተመሠረተበት ሐሳብ የራቀ አይደለም። ችግሩ ያለው ከእጁ ብልኀት ይልቅ ዐይኑ ሊያይ በማይችለው ላይ ነው። ስብራትን ከውልቃት የሚለይበት ራጅ የለውም። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅና እግር ደም አጥቶ በመሞቱ ለመቆረጥ የበቁ ሕሙማን፣ በተለይም ሕፃናት፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች መታየታቸው የተመዘገበ ሐቅ ነው።

ሌላው ጉዳት የጊዜ ነው። ትከሻ በወለቀ በሰዓታት ውስጥ ሲመለስ ይቀልላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ውልቃት ግን በጠባሳ ስለሚያያዝ፣ በእጅ ለመመለስ መሞከሩ አጥንትን ሊሰብር፣ የደም ሥርንም ሊቀድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። ከወጌሻ ወደ ወጌሻ ሲዞር የከረመ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው። ወጌሻን ማውገዝ ግን መንገዱን አያሳጥርም፤ ሊደረግ የሚገባው ወጌሻው ራሱ ታማሚውን በጊዜ ወደ ራጅ እንዲልክ ማስረዳትና ማሠልጠን ነው።

በሥራ ቦታ ሊደረግ የሚገባው

አሁን ወደ ግንበኛው ይመለሷል። በመሐንዲሱና በፎርማኑ እጅ ያለው ተግባር ጥቂት ነው፤ ጥቂትነቱም ጥቅሙን አያሳንሰውም። ክንዱ አይጎተትም፤ አይታሽም፤ አይጠመዘዝም። ታማሚው ራሱ እንዳመቸው በያዘው ሁኔታ በፎጣ ወይም በሸሚዝ ከደረቱ ጋር ይደገፋል። እጁ ሊያብጥ ስለሚችል ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቃሉ። በሆስፒታል ማስተኛት ሊያስፈልግ ስለሚችል እስኪመረመር ድረስ ምግብ አይሰጠውም። ከከፍታ የወደቀ ከሆነ ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው ከትከሻው በፊት ይታሰባሉ። ጣቶቹ ቀዝቅዘው ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ጉዳዩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከዚያም የአደጋው ሰዓትና ሁኔታ በወረቀት ተጽፎ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ግን የመወጣጫው ጉዳይ ነው። መከላከያ አግዳሚ የተበጀለት መወጣጫና በአግባቡ የታሰረ የደኅንነት ቀበቶ ቢኖሩ ኖሮ፣ ያ ወጣት በአንድ እጁ ሊንጠለጠል ባላስፈለገው ነበር። ኃይሉ ከተቆረጠ በኋላ ብቻ የሚነካ የኤሌክትሪክ መስመርም ማንንም ትከሻ አያወልቅም። ሐኪሙ የኃይልን መጠን የሚያሰላው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው፤ መሐንዲሱ ግን አስቀድሞ ለማስላት ሥልጣንም ዕውቀትም ተሰጥቶታል። ጉልበተኛው ባልደረባ እጅጌውን ሰብስቦ ሲቀርብ፣ እጁን ይዞ የሚያስቆመው ሰው በየሥራው ቦታ ቢያንስ አንድ እንዲኖር ማድረግም ከዚሁ ኃላፊነት የሚቆጠር ነው።